የሁዳዴ ቀይ ወይን

ግማሽ ዕድሜዬ ያለቀው ሚኒባስ ውስጥ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ዓርብ ከሰዓት ከዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ ተነስቼ በኦጎልቾ በኩል ሽቅብ ወደ አሰላ እወጣለሁ፤ እሁድ ከሰዓት ደግሞ በዚያው መንገድ ቁልቁል እወርዳለሁ። መንገዱ ሲጀመር ላብ ነው፣ ሲያልቅ ብርድ። ከታች "መስኮት ክፈቱ" እያለ የሚጮኸው ተሳፋሪ፣ የጭላሎ ተራራ ፊት ለፊት ሲመጣ ራሱ "ኧረ መስኮት ዝጉ" ይላል። ሹራቤን ከቦርሳ የማወጣበትን ቦታ ሹፌሩ ሳይቀር ለምዶታል። "እህታችን ለበሰች፣ ደረስን ማለት ነው" ሲል ሰው ይስቃል። እኔ የመሳቅ አቅሙ አልነበረኝም። ቤት ስደርስ የሚጠብቀኝን አውቀዋለሁ።

የሚጠብቁኝ አባቴ ናቸው። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በብቅል ፋብሪካ ገብስ ተረካቢ ነበሩ። ከጮሌ፣ ከጎበሳ፣ ከየወረዳው የሚመጣውን ገብስ እፍኝ ዘግነው ያሸታሉ፣ አንዷን ፍሬ በፊት ጥርሳቸው ይሰብራሉ፣ ከዚያ "ይግባ" ወይም "ይመለስ" ይላሉ። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም። ቤትም እንደዚያው ነበሩ። የቀረበላቸውን ሁሉ መጀመሪያ ያሸታሉ፣ ከዚያ ይፈርዳሉ። እኔ ወይን እርሻ የገባሁ ጊዜ "የአርሲ ልጅ ገብስ ሞልቶላት የቆላ ጭማቂ ልትጠምቅ ወረደች" ብለው ጎረቤቱን ሁሉ አሳቁብኝ።

የምሠራው ሸለቆው ውስጥ ባለ ትንሽ የግል እርሻ ነው። በለቀማ ጀመርኩ፣ ጠርሙስ አጠባ ገባሁ፣ አሁን መጥመቂያው ውስጥ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ወይን እጠምቃለሁ ስል ሰዉ ጥላ ሥር ተቀምጬ ብርጭቆ የማሽከረክር ይመስለዋል። ሥራው ግን የጎማ ቦት ጫማ፣ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ ሲሚንቶና የወገብ ሕመም ነው። ጉማሬ ከሐይቁ ወጥቶ የወይኑን ረድፍ ሲረማምደው በማግስቱ ሽቦና እንጨት ይዘን የምንሰለፈውም እኛው ነን።

እርሻው የሚታወቅበት ቀይ ወይን ድብልቅ ነው። ሦስት ዓይነት ፍሬ ይገባበታል። ካበርኔ የሚባለው ጥቁርና ኮስታራ ነው፤ ለብቻው ሲጠጣ እንዳልበሰለ ሙዝ ምላስ ይይዛል። ሜርሎ ለስላሳ ነው፣ ጉሮሮ ሲያልፍ ግን ወዲያው ይረሳል። ሲራ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ይሸታል። የሸለቆው ፀሐይ ሦስቱንም ያጣፍጣቸዋል፤ ማታ ከእኛ ደጋ የሚወርደው ነፋስ ደግሞ ከማረር ያድናቸዋል። ሦስቱ በየጋናቸው ለየብቻ ፈልተው ካበቁ በኋላ፣ ከዚህ ይህን ያህል ከዚያ ያን ያህል እየተባለ ይቀላቀላሉ። ይህን የሚወስነው ጠማቂያችን የጎበሳ ሰው ነው። ሙስሊም ነው፤ ወይን አፉ ገብቶ አያውቅም። በአፍንጫው፣ በዓይኑና በመለኪያው ነው የሚሠራው። ምላስ ሲያስፈልገው እኔን ይጠራኛል።

"ኦቦሌቲ፣ ነይ እስቲ" ይለኛል፤ በኦሮምኛ እህቴ ማለቱ ነው። "ይሄ ሦስተኛው ምን ይላል?"

"ጫፉ ላይ ይመራል" እላለሁ።

"ሜርሎ እንጨምርበት?"

"ትንሽ።"

እንዲህ ነው የምንሠራው። ዓመቱን ሙሉ የሚሸጠው ቀይ ወይን የእሱ አፍንጫና የእኔ ምላስ ነው። ደክሞኝ እንኳ ይህን ሳስብ ትንሽ እኮራ ነበር።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ አባቴ ሳንባቸውን ታመው ተኙ። ሳንባው ዳነ፣ ምግብ ግን እምቢ አላቸው። ልብሳቸው የሌላ ሰው ልብስ መሰለ። ሐኪሙ እንቁላልና ወተት በቀን በቀን አዘዘ፣ እሳቸውም እያጉረመረሙም ቢሆን ይወስዱ ጀመር። ሳምንቱን ሙሉ የምትጠብቃቸው ጎረቤታችን ናት፤ ልጆቿን ድራ ብቻዋን የቀረች ደግ ሴት። ቅዳሜና እሁድ ተረኛዋ እኔ ነኝ። ሐዋሳ ያለው ወንድሜ በስልክ ይጨነቃል። እሱም ሥራ ነው እንግዲህ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ፣ እንቁላሉም ወተቱም ቆመ።

አባቴ በሕይወታቸው ሁዳዴን ገድፈው አያውቁም። ሐኪሙ ተቆጣ፣ ጎረቤታችን ለመነች፣ እኔ አለቀስኩ። የንስሐ አባታቸው መጥተው "የታመመ ሰው ጾም የለበትም፣ ፈትቼዎታለሁ" ቢሏቸውም "እርስዎ ቢፈቱኝም እኔ አልፈታም" ብለው መለሷቸው። ቅዳሜና እሁድ ሳይቀር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያሉ፤ ዘጠኝ ሲሆን ደግሞ ሦስት ጉርሻ ሽሮ ቀምሰው ሳህኑን ይገፋሉ። ቄሱ ግራ ቢገባቸው "እንግዲያው የምግብ ፍላጎት የሚከፍትልዎት ትንሽ ወይን ይጎንጩ። ይኸው ልጅዎ እዚያው አይደለም የምትሠራው? ይህን እንኳ እሺ ይበሉ" አሏቸው። አባቴ ወደ እኔ ዞሩና ገብስ እንደሚረከቡ ሰው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ይምጣ እስቲ" አሉ።

በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ከቀዩ ድብልቅ አንድ ጠርሙስ ከፍቼ በትንሽ ብርጭቆ ቀዳሁላቸው። አሸተቱት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ሦስት ዓይነት ፍሬ ነው፣ አባባ። ተቀላቅሎ።"

"እኛ ድብልቅ ገብስ አንቀበልም ነበር" አሉ። "አንደኛው ሲበቅል ሌላኛው ተኝቶ ይገኛል። ብቅሉን ያበላሸዋል። ጥሩ ከሆነ ለምን አንዱ ብቻውን አይበቃም?"

"ብቻውን አይጣፍጥማ።"

ጠጡት። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስተው አዩት፤ ጥርት ያለ ቀይ ነበር። "አንዱ የሌላውን ጉድለት ሸፍኖለታል" አሉ። ይህ ከአባቴ አፍ ሲወጣ ትልቅ ምስጋና ነው። ከዚያ ዳቦ ጠየቁ። ከዳቦው በኋላ ሽሮው እስከ ግማሽ አለቀ። ወጥ ቤት ገብቼ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ቆምኩ።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። እያንዳንዱ ከሰዓት አንድ ትንሽ ብርጭቆ፣ በወይን የተነከረ ዳቦ፣ ግማሽ ሳህን ሽሮ። ጎረቤታችን በየቀኑ ደውላ ትነግረኛለች። ዓርብ ዓርብ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤ እወጣለሁ። የበላሁት ይረጋልኝ ጀመር።

አሁን የምናገረውን ነገር የወይን ሰው ካልሆነ ብዙ ሰው አያውቀውም። ቀይ ወይን ከበርሜል ሲወጣ ድፍርስ ነው፣ ምላስም ይጎትታል። የሚጠራው በእንቁላል ነው። የእንቁላሉ ነጭ ብቻ ተለይቶ ከጥቂት ጨው ጋር ይመታና በርሜሉ ውስጥ ይፈስሳል፤ ድፍርሱን እየያዘ ቀስ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ከላይ ያለውን ጥሩውን እንቀዳለን፣ ከታች የተኛውን እንደፋለን። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ለማጥሪያ ዱቄት ይጠቀማሉ አሉ፤ የእኛ ግን ትንሽ ቤት ነው፣ እንቁላል እንሰብራለን። የምንሰብረውም በሁዳዴ ነው። ሕዝበ ክርስቲያኑ ስለማይገዛ እንቁላል የሚረክሰው ያን ጊዜ ነው። አስኳሉን ዘበኛችን በጆግ ይዞ ይሄዳል፤ ረመዳን ከሁዳዴ ጋር በገጠመባቸው በነዚህ ዓመታት ለማፍጠሪያ ሚስቱ ትጠብሰዋለች።

አሥራ አንድ ዓመት እንቁላል ሰብሬያለሁ። በጾም ወቅት እጄ እስከ ክርኔ በእንቁላል ተለውሶ "ቤት ምን ዓይነት የጾም ወጥ ልሥራ" እያልኩ አስቤያለሁ። እዚያ ቤት ውስጥ እንቁላል ለእኔ ምግብ አልነበረም። እንደ ሳሙና፣ እንደ ብሩሽ፣ የዕቃ ማጽጃ ነበር። ሰው ሲስቅብኝ ይገባኛል፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

አባቴ ወይኑን በጀመሩ በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ገበታው ፊት ቆሜ እሰብራለሁ። ነጩን ወደ ባልዲው፣ አስኳሉን ወደ ጆጉ። ስልኬ ጮኸ። እጄ ስለተለወሰ ጠማቂያችን አንስቶ ጆሮዬ ላይ ያዘልኝ። ጎረቤታችን ናት፤ ድምፅዋ ከሩቅ ይስቃል።

"ዛሬ ሳህኑን ጨረሱት! ወይኑ ለነገ ብቻ ነው የቀረው፣ ሌላ ይዘሽ ነይ ብለውሻል። 'በጾም እንዲህ ያለ ነገር ማግኘቴ እግዚአብሔር አስቦኝ ነው' አሉ።"

"እሺ" አልኳት። እጄን አየሁት። ነጩ ከጣቶቼ እየተዝለገለገ ባልዲው ውስጥ ይወርዳል። ባልዲው የሚሄደው ወደ ቀዩ በርሜል ነው። አባቴ የሚጠጡት ደግሞ አምና በዚሁ ወር፣ በዚሁ እጅ፣ በዚሁ ባልዲ የጠራው ነው።

ጠማቂያችን ፊቴን አይቶ "ምነው፣ አባትሽ ባሰባቸው?" አለኝ።

"አይ፣ ተሻላቸው" አልኩና እዚያው እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ተቀመጥኩ።

ነገርኩት። "እንቁላሉ ወይኑ ውስጥ ይቀራል?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ይወርዳል። ከታች ነው የሚቀረው።"

"ምንም አይቀርም?"

"ምንም ብዬ ግን አልምልልሽም።" ስልኬን ገበታው ላይ አስቀመጠና "ሐኪሙ እንቁላል ይውሰዱ ብሏቸው የለ? ይኸው እየወሰዱ ነው" አለኝ ሊያስቀኝ። አልሳቅኩለትም።

"እንቁላል ካልነካው በርሜል ስጠኝ።"

"እሱ ሆድ ያውካል፣ ኦቦሌቲ። በራሱ ጊዜ እስኪጠራ ዓመት ይፈልጋል። አባትሽ ዓመት ይጠብቃሉ?"

ቢሆንም ቀዳልኝ። ለራሴም አንድ ትልቅ ጠርሙስ ሞልቼ ጥግ አስቀመጥኩ፤ ለከርሞ በራሱ ይጥራ ብዬ።

በማግስቱ ድፍርሱን ይዤ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ የማስበው አንድ ነገር ነበር። ዝም ልበል ወይስ ልንገራቸው? ዝም ካልኩ ያወቅሁትን ነገር በእጄ አጠጣቸዋለሁ። ከነገርኳቸው ወይኑን ይተዉታል፤ ወይኑን ከተዉ ምግቡን ይተዋሉ፤ ምግቡን ከተዉ ደግሞ ፋሲካ ላይ መድረሳቸውን እንጃ። ድፍርሱን ቢቀበሉኝ ሁለቱንም አመልጣለሁ። ሰው ሲደክመው እንዲህ ያለ ቀዳዳ ይፈልጋል።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ቀዳሁላቸው። አንዴ አሸተቱት፣ አንዴ ጎነጩ፣ ብርጭቆውን መለሱልኝ።

"ይሄ የዛሬ ሦስት ሳምንቱ አይደለም።"

"አዲስ ነው፣ አባባ።"

"አዲስ አይደለም፣ ያልተጣራ ነው። ሃያ ዓመት ያልተበጠረ እህል ስመልስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ምን ሆናችሁ ነው? ለምን አላጠራችሁትም?"

"ጠርሙሱ ከታች በኩል ተቀድቶ ነው" ልል እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ዓይናቸውን አየሁና ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ባልዲው፣ ስለ ነጩ፣ ስለ አምናው። ጎረቤታችን በር ላይ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

አባቴ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በጣታቸው ከዚያ ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምረው ቆጠሩ። "ሃያ አንድ ቀን" አሉ። ዳቦውን ቁልቁል ተመለከቱት፤ ሳይነኩት ወደ እኔ ገፉት። ያን ቀን ሌላ ነገር አልበሉም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታቸውን አስጠሩ። ቄሱም ከሁለት ሰው ቀብር የመጡ ስለነበሩ ፊታቸው ደክሟል። ነገሩን ሰምተው "ሳያውቁ የጠጡት ነው፤ ደግሞም ፈትቼዎት ነበር። ምንም የለብዎትም" አሉ።

"አለብኝ" አሉ አባቴ። "ሃያ አንዱን ቀን እጾመዋለሁ። ከፋሲካ ማግስት ጀምሬ።"

"ከፋሲካ በኋላ ሃምሳውን ቀን ጾም የለም፤ ይህን እርስዎ አጥተውት አይደለም።"

"እንግዲያስ መቼ?"

ቄሱ ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩ። "የሰኔ ጾም አለ" አሉ በመጨረሻ። አባቴ ሌላውን ሁሉ ይጹሙ እንጂ የሰኔን ጾም እንደ ብዙው የከተማ ሰው ለቄሶች ትተውት ነበር። "በሰኔ ሃያ አንድ ቀን ይጾማሉ። ግን ቆሞ የሚጾም ሰውነት ያስፈልጋል፤ እንዲህ ሆነው አይሆንም። ስለዚህ ከፋሲካ እስከ ሰኔ ጾም ድረስ ሐኪሙ ያዘዘዎትን ሁሉ፣ እንቁላሉንም ወተቱንም፣ ሳይነቅፉ ይበላሉ። ይህ ቀኖናዎ ነው።"

አባቴ ቄሱን እንደ ተጠራጣሪ ሰው አዩአቸው። ቀኖና ግን ቀኖና ነው። "እሺ" አሉ።

ያን ዕለት ከሰዓት ሚኒባሱ ገና ከአሰላ ሳይወጣ እንቅልፍ ወሰደኝ። ከስንት ሳምንት ወዲህ እንዲያ ተኝቼ አላውቅም ነበር። ሹፌሩ ሐይቁ ዳር ደርሰን ነው የቀሰቀሰኝ። ቀለለኝ፤ የምደብቀው ነገር የለኝም። ወርጄ ሻንጣዬን ተሸክሜ ስራመድ ነው ነገሩ የገባኝ። እሳቸው እዚያ ላይ ባዶ ሆዳቸውን ተቀምጠዋል፣ እኔ ደግሞ ቀሎኛል። የነገርኳቸው ለእሳቸው ብዬ ነው ወይስ እኔ መሸከም ስላቃተኝ? መልሱን አውቀዋለሁ። አፈርኩ።

እስከ ፋሲካ ያለው ጊዜ ክፉ ነበር። ወይን የለም፣ ምግብም እንደ ድሮው ሦስት ጉርሻ። በሰሙነ ሕማማት ጎረቤታችን ስልክ በደወለች ቁጥር ከማንሳቴ በፊት አማትብ ነበር። ግን ደረሱ።

የፋሲካ ማግስት አንድ የተቀቀለ እንቁላል ልጬ፣ በትንሽ ሳህን አድርጌ ሰጠኋቸው። አንገታቸውን ቀና አድርገው "ቀኖናዬ ነው" አሉና እንደ ኪኒን ዋጡት። በማግስቱ ሁለት። ሃምሳውን ቀን እንዲህ በሉ፤ በፍላጎት አይደለም፣ በትእዛዝ። ወተቱን አፍንጫቸውን ይዘው ይጠጣሉ። ጎረቤታችን ብትስቅ "ሴትዮ፣ ለሰኔ ነው" ይሏታል። ጉንጫቸው ተመለሰ። አንድ እሁድ ባጃጅ ጠርተን ቤተ ክርስቲያን ወሰድናቸው፤ ሌላ እሁድ ያለ ባጃጅ፣ በምርኩዝ ሄዱ። ወንድሜ በስልክ "እግዚአብሔር ይመስገን" አለ። ሰው ሁሉ ደስ አለው።

እኔ ብቻ ነኝ ደስታው የደከመኝ። ተስፋ ሲቆረጥ እንኳ ሰው አርፎ ይቀመጣል፤ ተስፋ ሲመጣ ግን መፍራት እንደገና ይጀመራል። እስከ ሰኔ ጾም የቀረውን ቀን በየማታው እቆጥራለሁ። ወደ ንስሐ አባታቸው ሄጄ "አባታችን፣ ይተዉላቸው፣ እግዚአብሔርን ይፍሩ" ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። አነሱኝ። "ልጄ፣ እኔ ብተወው እሳቸው የሚተዉ ይመስልሻል? ለጾሙ ብለው እኮ ነው የበሉት" አሉኝ።

የሰኔ ጾም ሰኞ ገባ። አሰላ በሰኔ ጭቃና ጉም ናት፤ ፈረስ ጋሪው እንኳ መንገዱ ላይ ይተክላል። አባቴ ያን ብርድ ባዶ ሆዳቸውን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቀመጡታል። ዓርብ ስደርስ አምስት ቀን ሆኗቸው ነበር፣ ደህና ነበሩ። በሁለተኛው ቅዳሜ ጉንጫቸው ገባ ብሏል። በሦስተኛው ምርኩዙን ትተው ግድግዳ ይዘው ነው የሚሄዱት። አንድም ቀን አላማረሩም። እኔም አንድም ቀን "ይብቃዎ" አላልኩም፤ እንዳልሰማ ሆነው እንደሚያልፉኝ አውቃለሁ።

ሃያ አንደኛው ቀን እሁድ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሽሮውን በዳቦ ቀመሱ፣ አፋቸውን ጠረጉ፣ "አለቀ" አሉ። ጎረቤታችን እልል ልትል ነበር፣ በእጃቸው አስቀሯት። ለሚኒባሱ ስነሳ ግን እጄን ይዘው አስቀመጡኝ።

"ልጄ" አሉ፣ "ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ካወቅሽ አትንገሪኝ።"

የሰማሁት አልመሰለኝም። "እርስዎ እኮ እውነቱን እንጂ ሌላ የማይፈልጉ…"

"እፈልግ ነበር። ጉልበት ሳለኝ። አሁን ደክሞኛል።" አባቴ ደክሞኛል ሲሉ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም፤ ሳንባቸውን ታመው እንኳ ብርድ ነው ነበር የሚሉት። "ከነገርሽኝ ወዲያ ዝም ልለው አልችልም፤ አፈጣጠሬ ነው። አንቺ ግን ትችይ ነበር። አንቺ ብትይዢልኝ ምን ነበረበት?"

እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። ጭቃው ውስጥ ቆሜ ሚኒባስ እስኪሞላ ድረስ አለቀስኩ። ሰው ሲያየኝ ዝናብ ነው ብዬ ፊቴን እጠርጋለሁ።

ከዚያ አገገሙ፤ ቀስ ብለው፣ እየወደቁ እየተነሱ። ዓመቱ ዞረ። ጥግ ያስቀመጥኩትን ትልቁን ጠርሙስ በየሁለት ሳምንቱ ከፍቼ መሙላት ነበረብኝ፣ አየር እንዳያገኘው። በክረምቱ አንድ ሁለቴ ረሳሁት፤ አሰላ ነበርኩ፣ ወይ ታምሜ ነበር፣ ወይ ሰልችቶኝ ነበር። ጥር ላይ ከፍቼ ሳሸተው ጥርት ብሏል፣ እንደ መስታወት። ቀመስኩት። ኮምጣጤ ሆኗል። ጠማቂያችን አሽትቶ ክዳኑን መለሰበት። ያን ሳምንት ለሰላጣ ወሰድነው።

ሁዳዴ ገባ። እኔም እንደ ልማዴ እንቁላል ሰበርኩ። አባቴ የጾም ምግብ አሁንም አይወርድላቸውም፤ ቄሱም ወይኑን እንደ አምናው ፈቀዱ። በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ፣ አምና በእንቁላል ካጠራነው ከቀዩ ድብልቅ አንድ ጠርሙስ ይዤ ወጣሁና ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በትንሹ ብርጭቆ ቀዳሁ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

አላሸተቱትም። ብርጭቆውን ሳይሆን እኔን ነው ያዩት።

"ይጠጣል?" አሉ።

"ይጠጣል፣ አባባ" አልኳቸው።

ጠጡት።